ዋጋው ወይስ ሥራው?

ገንዘብ ማግኘት አንድ ሙያ ነው። ያገኙትን ገንዘብ በወጉ ማውጣት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። የመጀመሪያውን ሙያ እያወቅን ሁለተኛውን ካላወቅን ቤታችን አይሞላም።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረናል። ጽሑፍ ማንበብ ችለናል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈልም ተምረናል። ይህ ሁሉ እውቀት ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ቢቀር ምን ይጠቅመናል? ወደ ገበያ ይዘነው መሄድ አለብን። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ ዕለት ተዕለት ግዢ እንነጋገራለን። ርካሹ ዕቃ የሚበቃን መቼ ነው? የማይበቃንስ መቼ ነው? በሁለት ጎረቤቶቻችን ታሪክ እንጀምር።

1. ሁለት ዘንቢሎች

አንድ ቅዳሜ ሁለት ጎረቤቶቻችን አብረው ገበያ ወጡ። አንደኛዋ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ገና ወጣት ነች፤ ማታ ማታ ፊደል ትማራለች። ሁለቱም ቤት ተማሪ ልጅ አለ። የያዙትም ብር ያን ያህል አይበላለጥም።

እትዬ በገበያ ላይ አንድ ደንብ አላቸው። «ውድ ነገር ጥሩ ነው፤ ጥሩ ባይሆንማ ኖሮ ይህን ያህል ዋጋ ማን ያወጣለት ነበር?» ይላሉ። ወጣቷም የራሷ ደንብ አላት። «እኔን ነጋዴ አያታልለኝም፤ የምገዛው ከሁሉም የረከሰውን ነው» ትላለች።

ማታ ቡና ተፈልቶ ዘንቢሎቹ ተከፈቱ። ከእትዬ ዘንቢል በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና፣ ጥቂት ኪሎ ማኛ ጤፍ፣ አንድ ፓኮ የራስ ምታት ክኒንና አንድ እሽግ ጨው ወጣ። ብራቸው እዚያ ላይ አለቀ። የልጃቸው ደብተር ሳይገዛ ቀረ። ጫማውም «የቆዳ ጫማ የምገዛበት ብር እስካገኝ ይቆይ» ተባለ።

ከወጣቷ ዘንቢል ደግሞ ተራ ሳሙና፣ ቀይ ጤፍ፣ ደብተሮች፣ የልጅ ላስቲክ ጫማና ከጆንያ ተሰፍሮ የተሸጠ ጨው ወጣ። ከዚህም ሌላ አንድ አሮጌ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥላ ነበር የመጣችው።

«አይ አንቺ ልጅ! ይሄን ሁሉ ኮተት ከየት ሰበሰብሽው?» አሉ እትዬ እየሳቁ።

«እትዬ፣ እርስዎም ብርዎን ለወረቀቱ ሰጥተውት መጡ እኮ!» አለች ወጣቷ።

ታዲያ ማናቸው ትክክል ነበሩ? ሁለቱም በአንዳንዱ ዕቃ ትክክል ነበሩ፤ በአንዳንዱ ደግሞ ተሳስተዋል። የተሳሳቱበትም ምክንያት አንድ ነው። ሁለቱም ያዩት ዋጋውን ብቻ ነው። አንዷ ውድነቱን፣ ሌላዋ ርካሽነቱን አዩ። ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ግን አልጠየቁም።

2. ሦስት ጥያቄዎች

እኛ ወደ ገበያ ስንሄድ ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ብንሄድ ብዙ እንጠቀማለን።

አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ለእኔ የሚሠራልኝ ሥራ ምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ርካሹ ዕቃ ያንኑ ሥራ ይሠራልኛል ወይ?

ሦስተኛ፣ ርካሹ ሥራውን ባይሠራ የሚደርስብኝ ጉዳት ምንድን ነው?

ርካሹ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ለውዱ የምንጨምረው ብር ለስሙ፣ ለቀለሙና ለመጠቅለያው የሚከፈል ነው። ርካሹ ሥራውን የማይሠራ ከሆነ ግን «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሆንብናል። ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ በነፃ ቢሰጡንም መቀበል የለብንም። አሁን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ዘንቢሎቹን እንፈትሽ።

3. ርካሹ የሚበቃበት ጊዜ

ሀ. ሳሙና

የሳሙና ሥራ ምንድን ነው? ቅባትንና እድፍን ከቆዳችን ማላቀቅ ነው። በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን ከእድፉና ከቅባቱ ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። ሳሙናው ሲያላቅቃቸው ውሃው ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ይህን ሥራ ተራው ሳሙናም ይሠራዋል።

አንዳንድ ሳሙናዎች «ጀርም ይገድላል» ተብሎ ስለሚጻፍባቸው በውድ ይሸጣሉ። በአሜሪካ አገር ይህ ነገር ተመርምሮ ነበር። የዚያ አገር የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. 19 ዓይነት ጀርም ገዳይ የተባሉ ንጥረ ነገሮች የተጨመሩባቸው የእጅና የገላ መታጠቢያዎች ለሕዝብ እንዳይሸጡ ወሰነ። ምክንያቱም አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ከውሃ የተሻለ እንደሚሠሩ ማስረዳት አልቻሉም።

ስለዚህ ዋናው ነገር አስተጣጠባችን ነው። ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ፣ ምግብ ከመሥራታችንና ከመብላታችን በፊት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ከለወጥን በኋላ እጃችንን በሳሙና መታጠብ አለብን። ጣቶቻችንን መሐል ለመሐልና ጥፍራችንን ጭምር ቢያንስ ለ20 ሰኮንድ ማሸት ይገባናል። ውድ ሳሙና ገዝቶ «እንዳያልቅ» እያሉ ከመሰሰት፣ ተራ ሳሙና ገዝቶ በየጊዜው መታጠብ ይሻላል። ሳሙናው ቶሎ እንዳይሟሟም ውሃ በማይቋጥር ነገር ላይ እናስቀምጠው።

ለ. ጤፍ

በብዙ ገበያዎች ከሁሉም የሚወደደው ማኛ ጤፍ ነው። ቀጥሎ ነጩ፣ ከዚያ ሰርገኛው ይመጣል። ቀይ ጤፍ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ሁሉ ይረክሳል። በአንዳንድ ከተማ ግን የቀዩም ፈላጊ ስለበዛ ዋጋው እየተጠጋ መጥቷል።

የእንጀራ ሥራው ምንድን ነው? ቤተሰቡን ማጥገብና ሰውነትን መገንባት ነው። የጤፍ ፍሬ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነጩም ሆነ ቀዩ የሚፈጨው ከነገለባው ነው። ስለዚህ ቀለሙ ጠቆር አለ ተብሎ ምግብነቱ አይቀንስም። ቀዩም ጤፍ እንደ ነጩ ኃይል ሰጪና ገንቢ ነው። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ በብረት ማዕድን በኩል ከነጩ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የነጩ ብልጫ መልኩ ነው። ለሠርግና ለክርስትና መልኩ ይፈለግ ይሆናል። ለዘወትር ማዕድ ግን በልዩነቱ ብር ምስር ወይም አተር ክክ ገዝቶ ወጥ ማወፈር ለልጆች ይበልጥ ይጠቅማል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጤፍ ስንገዛ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ እፍኝ ሙሉ ዘግነን እንመልከት። አሸዋና አፈር የበዛበት ጤፍ በኪሎ ቢረክስም ሲነፋ ይጎድላል። ያን ጊዜ አሸዋውን በጤፍ ዋጋ ገዛነው ማለት ነው።

ሐ. ደብተር

የደብተር ሥራ መጻፊያ መሆን ነው። እዚህ ላይ የተማርነው ማካፈል ይጠቅመናል። ለምሳሌ ያህል ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ደብተር አቀረበልን እንበል።

የመጀመሪያው ባለ 32 ሉክ ነው፤ ዋጋው 40 ብር።
ሁለተኛው ባለ 50 ሉክ ነው፤ ዋጋው 50 ብር።
ሦስተኛውም ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የእግር ኳስ ተጫዋች ሥዕል አለበት፤ ዋጋው 70 ብር።

ከሦስቱ ርካሹ የትኛው ነው? ቸኩሎ ያየ ሰው «ባለ 40 ብሩ» ይላል። እስቲ ዋጋውን ለሉኩ እናካፍል። የመጀመሪያው ደብተር አንዱ ሉክ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ይወድቃል። የሁለተኛው 1 ብር ነው። የሦስተኛው 1 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። እንግዲህ እውነተኛው ርካሽ ሁለተኛው ነው። ሥዕሉ የልጁን የእጅ ጽሑፍ አያሳምረውም። ወረቀቱ ቀለም የሚያሳልፍ መሆኑን ግን አንድ ገጽ ገልጠን እናረጋግጥ። ቀለም የሚያሳልፍ ወረቀት በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጻፍበት ግማሹ ከሰረ ማለት ነው።

መ. የራስ ምታት ክኒን

አንድ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለው። አንዱ መድኃኒቱ ራሱ የሚጠራበት ስም ነው። ሌላው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ለምሳሌ ለራስ ምታትና ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል በብዙ የንግድ ስሞች ይሸጣል። አንዱ ባለወርቃማ ፓኮ ነው፤ ሌላው በተራ ፓኮ የመጣ ነው። በሁለቱም ላይ «ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም» የሚል ካለ መድኃኒቱ አንድ ነው። «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. የመሠረታዊ መድኃኒቶችን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ መድኃኒቶቹን የጻፋቸው በራሳቸው ስም ነው። እኛም መድኃኒት ቤት ገብተን «ከዚህ መድኃኒት ዋጋው ቀለል ያለ የለም ወይ?» ብለን ብንጠይቅ አያሳፍርም።

ትንሹን ጽሑፍ ማንበብ ገንዘብ ከማዳንም በላይ ሕይወት ያድናል። የንግድ ስማቸው የተለያየ ሁለት ክኒኖችን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው አንዱን መድኃኒት በእጥፍ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ማለፍ የለበትም። ለልጆች ግን መጠኑን የጤና ባለሙያ ይወስናል።

ከመድኃኒት ጋር ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛ፣ መድኃኒት የሚገዛው ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። ገበያ መሐል መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መድኃኒት የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። ሁለተኛ፣ የአገልግሎቱ ማብቂያ ጊዜ ይነበባል። ይህ ቀን በመድኃኒት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፓኮው ላይ 2020 የሚል ብናይ «በእኛ ዘመን ብዙ ያልራቀ ነው» ብለን መዘናጋት የለብንም። የፈረንጆቹ 2020 በእኛ አቆጣጠር በ2012 ጀምሮ በ2013 ዓ.ም. ያለቀው ዓመት ነው። ከመስከረም አንድ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መቀነስ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ደህና ነው ብሎ ይውጠዋል።

ሠ. ጫማ

እትዬ ለልጃቸው «የቆዳ ጫማ እስክገዛ» ብለው ቆይተዋል። ልጁ ግን እስከዚያ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ቀይ አፈር ባለባቸው ብዙ ቦታዎች ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት አለ። ሰው ለብዙ ዓመታት ባዶ እግሩን በዚህ አፈር ላይ ሲሄድ የአፈሩ ደቃቅ ነገር በቆዳው በኩል ይገባል። ከጊዜ በኋላ እግሩ እያበጠ ይሄዳል። ይህ በሽታ እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመውን ሰው ማግለል ነውር ነው። መከላከያው እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ ነው።

እንግዲህ የጫማ ሥራ እግርን ከአፈር፣ ከእሾህና ከስለት መጠበቅ ነው። ዛሬ የተገዛ የላስቲክ ወይም የሸራ ጫማ ለከርሞ ከታሰበ የቆዳ ጫማ ይበልጣል። እግርን የሚሸፍን፣ የማይጠብና የማይልጥ ይሁን እንጂ ርካሹ ይበቃል። ሰልባጅም ቢሆን ታጥቦና ታይቶ ሊደረግ ይችላል።

4. ርካሹ የማይበቃበት ጊዜ

ሀ. ጨው

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቷ ዘንቢል እንመለስ። ጨው ሁሉ ያጣፍጣል። ነገር ግን ጨው ከማጣፈጥ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው። አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ሰውነታችን ያደርሳል። አዮዲን ያጣ ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ሊያወጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ስታጣ ደግሞ በማኅፀኗ ያለው ልጅ የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ይህ ጉዳት ልጁ ከተወለደ በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። ቢሆንም ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጥ፣ ምንም ያልተጻፈበት ጨው በገበያ ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው ገዢው ማወቂያ የለውም። ስለዚህ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ አንብበን፣ የታሸገውን እንግዛ። ከታሸጉት መካከል ደግሞ ርካሹን እንምረጥ፤ ለመልኩ ብር መጨመር አያስፈልግም። ቤት ስናደርሰው በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀን እናስቀምጠው። ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ብንጨምረው አዮዲኑ ብዙም አይባክንም።

እዚህ ላይ እትዬ ትክክል ነበሩ።

ለ. ጀሪካን

አሮጌ ጀሪካን መግዛት በራሱ ጥፋት የለበትም። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን በደንብ ታጥቦ ስንት ዓመት ውሃ ይቀዳበታል! ጥያቄው «ቀድሞ ምን ነበረበት?» የሚለው ነው።

ወጣቷ ይህን አልጠየቀችም ነበር። ቡናው ካለቀ በኋላ ጀሪካኑን ልታጥብ ወደ ደጅ አወጣችው። የጎኑ ጭቃ ሲለቅ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት ብቅ አለ። ፋኖሱን አስጠግታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። «ፀ … ረ … ፀረ … ተ … ባይ … ፀረ ተባይ!» ከጽሑፉ በታች የሰው ራስ ቅልና የሁለት አጥንት ሥዕል ነበረ።

«እትዬ! ይሄ እኮ መርዝ የነበረበት ነው!» ብላ ጮኸች።

እትዬ ደንግጠው ተነሡ። «በሞትኩት! ነገ ጧት ልጆቹ ውሃ ሊቀዱበት ነበር እኮ!» አሉ።

«አጥበዋለሁ ብዬ ነበር …» አለች ወጣቷ እጇ እየተንቀጠቀጠ።

የፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሠርጋል። በሳሙና፣ በአመድም ሆነ በፈላ ውሃ ቢታጠብ ተጠርጎ አይወጣም። ሽታው ቢጠፋ እንኳ መርዙ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ዕቃ የነበረ ጀሪካን ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላም ሆነ ለእህል አይሆንም። ተበስቶ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት መደረግ አለበት። ምን እንደነበረበት ያልታወቀ ጀሪካንም አይገዛም። በዚያ ቀን ወጣቷ በጀሪካኑ ላይ የቆጠበችው ብር ጥቂት ነበር። ሊደርስ የነበረው ጉዳት ግን የልጆቿ ሕይወት ነበር። ያዳናቸውም የተማረችው ፊደል ነው።

ሐ. የሻገተ እህልና ለውዝ

ለውዝ፣ በቆሎ ወይም በርበሬ ሲሻግት ነጋዴው ዋጋውን ቀንሶ ሊሸጠው ይሞክራል። «ቢቆላ ይለቀዋል» ይባላል። ስሕተት ነው። በአንዳንዱ ሻጋታ ውስጥ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለ። መቁላትና መቀቀል ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተውን አንግዛ። የተፈጨ በርበሬም ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ከረከሰብን «ምን ተቀላቅሎበት ይሆን?» ብለን መጠራጠር ይገባናል። ዛላውን ገዝቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

መ. አምፖል

አንዳንድ ዕቃ ሲገዙት ይረክሳል፤ ሲጠቀሙበት ግን ይወደዳል። መብራት ባለበት ቤት ክር ያለው ባለ 60 ዋት አምፖል በርካሽ ይገኛል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው ባለ 9 ዋት አምፖል ደግሞ ይወደዳል። የሚሰጡት ብርሃን ግን ተቀራራቢ ነው። በቀን 5 ሰዓት ለ30 ቀን ቢበሩ የመጀመሪያው 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሁለተኛው የሚበላው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ትርፉን በየወሩ የመብራት ሂሳብ ላይ እናገኘዋለን። ኤል ኢ ዲው ዕድሜውም ይረዝማል። እንዲህ ላለው ዕቃ የሚታሰበው የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በየወሩ የሚያስወጣው ብር ጭምር ነው።

5. በትንሽ በትንሹ መግዛት

ድሃ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በውድ ነው። ብሩ ትንሽ ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ይገዛል፤ በትንሹ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ይወደዳል። ለምሳሌ በተለምዶ ኦሞ የምንለውን የዱቄት ሳሙና እንውሰድ። 50 ግራም የያዘች ትንሽ ፌስታል 15 ብር፣ አንድ ኪሎው 240 ብር ተሸጠ እንበል። አንድ ኪሎ ለመሙላት 20 ትንንሽ ፌስታል ያስፈልጋል። 20 ጊዜ 15 ደግሞ 300 ብር ነው። በትንሽ በትንሹ የገዛው ሰው 60 ብር ከሰረ።

«240 ብር ባንድ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። መላው ግን አለ። አራት ጎረቤቶች 60፣ 60 ብር አዋጥተው አንድ ኪሎ ቢገዙ ለእያንዳንዳቸው 250 ግራም ይደርሳቸዋል። ይህንኑ 250 ግራም በትንንሹ ፌስታል ቢገዙት 75 ብር ያስወጣቸው ነበር። እያንዳንዳቸው 15 ብር አተረፉ። ጤፉንም በኩንታል ገዝቶ መካፈል፣ የዕቁብ ዕጣ ሲደርስ አስቤዛ በጅምላ መግዛት፣ የሸማቾች ማኅበር ባለበት ሰፈር ዋጋ ጠይቆ ማወዳደር ይቻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

6. ይሉኝታ

ርካሹ እንደሚበቃን እያወቅን ውዱን የምንገዛበት አንድ ምክንያት አለ። እሱም ይሉኝታ ነው። «እንግዳ ቢመጣ ቀይ እንጀራ እንዴት ይቀርባል?» እንላለን። «ልጄ ከሰው ልጅ ለምን ያንሳል?» እንላለን። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ «ለእርስዎ የሚሆነው ይሄኛው ነው» ይለናል።

እንግዳን ማክበር የኖረ ባሕላችን ነው፤ ይበል የሚያሰኝም ነው። ነገር ግን እንግዳ የሚከበረው በፈገግታ፣ በንጽሕናና ባለው ነገር ነው። ለሁለት ሰዓት እንግዳ የወጣው ብር የሁለት ወር ደብተር የሚያሳጣ ከሆነ ክብሩ የት ላይ ነው? አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ነው።

በሌላ በኩል ርካሽነትም የራሱ ኩራት አለው። ወጣቷ ጎረቤታችንን ያሳሳታት እሱ ነው። «ከሁሉም አሳንሼ ገዛሁ» ማለት ደስ ስለሚላት የገዛችውን ነገር ሳትመረምር ቀረች።

7. የሚቀጥለው ቅዳሜ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንደገና አብረው ወጡ። ወጣቷ አዮዲን ያለው የታሸገ ጨውና የዘይት ጀሪካን ገዛች። ጀሪካኑንም ከመግዛቷ በፊት አዙራ አነበበችው፤ ክዳኑን ከፍታም አሸተተችው። እትዬም ተራ ሳሙና ገዙ። ጤፉ ላይ ትንሽ አመነቱ። በኋላ ግን ቀዩን አስለኩና በተረፈው ብር ሁለት ደብተርና አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ ይዘው ተመለሱ።

ልጃቸው ጫማውን አድርጎ ደጅ ለደጅ ሲሮጥ እትዬ ቆመው አዩት።

«ምነው እስከ ዛሬ!» አሉ ቀስ ብለው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ትምህርት የሚከተሉትን እናስታውስ።

• ከዋጋው በፊት «ሥራው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ።
• ርካሹ ያንኑ ሥራ ከሠራ ርካሹን እንግዛ፤ የተረፈውንም ብር ለሚያስፈልገን ነገር እናውለው።
• ጤናን የሚነካ ነገር ላይ፣ ይኸውም በጨው፣ በመድኃኒት፣ በውሃ መቅጃና በምግብ ላይ፣ ጽሑፉን ሳናነብና ዕቃውን ሳንመረምር አንግዛ።
• ዋጋ የምናወዳድረው በኪሎ፣ በሊትር ወይም በሉክ አካፍለን ነው።

ጥያቄዎች

1. እትዬ የትኛውን ዕቃ ሲገዙ ትክክል ነበሩ? ለምን?
2. ተራ ሳሙና ተሕዋስያንን ከእጃችን የሚያስወግደው እንዴት ነው?
3. በአንድ መድኃኒት ፓኮ ላይ «ሰኔ 2024» የሚል የፈረንጆች ቀን ተጽፏል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓ.ም. ነው?
4. ባለ 50 ሉክ ደብተር 60 ብር፣ ባለ 32 ሉክ ደብተር 48 ብር ቢሸጥ የትኛው ይረክሳል? አካፍላችሁ አሳዩ።
5. በቤታችሁ ያለውን የጨው እሽግ አምጡና ጽሑፉን አንብቡ። ስለ አዮዲን ምን ይላል?
6. ባለፈው ወር በይሉኝታ የገዛችሁት ነገር አለ? በዚያ ብር ሌላ ምን ሊገዛ ይችል ነበር? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

የቃላት ትርጉም

ሉክ — አንድ ሙሉ የደብተር ወረቀት
ተሕዋስያን — በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ነገሮች
እሽግ — ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ
እንቅርት — በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት
ይሉኝታ — ሰው ምን ይለኛል ማለት
ፀረ ተባይ — ተባይን የሚገድል መርዝ
ጅምላ — በብዛት መግዛት ወይም መሸጥ